የሙቀቱ ወራት ፈታ ያለ የጀግና ፊልም፦ እንዴት መጣ፣ እንዴትስ ይሠራል?

በአሜሪካ ከሜይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ባሉት ወራት አንድ ቤተሰብ ወደ ሲኒማ ቤት ጎራ ቢል፣ ከሚታዩት ፊልሞች መካከል ቢያንስ በአንዱ ልዩ ልብስ የለበሰ፣ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል ያለውና በጭንቅ ሰዓት እንኳ ቀልድ የማያጣ ጀግና የማግኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። በተለምዶ «ሱፐርሂሮ» የምንለውን ይህን ዓይነት ፊልም ብዙ ሰው የሚያየው ሙቀቱንና ድካሙን ለመርሳት ነው፤ አዳራሹን ለቅቆ ሲወጣም ስለ አሠራሩ ብዙ አይጨነቅም። ሆኖም ፊልሙ ለምን በዚያ ወቅት እንደወጣ፣ ለምን እንደዚያ ፈታ እንዳለና ለየትኛው ዕድሜ ታስቦ እንደተሠራ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከአየር ማቀዝቀዣ ታሪክ ይነሳል፤ በትኬት ገቢ አከፋፈልና በዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ በኩል አልፎም እስከ ካሜራ ሌንስ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ዓመታትና ወራት ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዛሬ የሲኒማ ዋና ገበያ የሆነው የሙቀት ወቅት ቀድሞ የኪሳራ ጊዜ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ዮርክና በቺካጎ የነበሩ አዳራሾች መስኮት አልባ፣ በሰው የታጨቁና አየር የማያስገቡ ስለነበሩ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ተመልካች ይሸሻቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም እስከ ሴፕቴምበር ድረስ በራቸውን ይዘጉ ነበር። ለውጡ የመጣው ዊሊስ ካሪየር ከተባለው መሐንዲስ ነው። ካሪየር በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ንድፍ ያወጣው ለሰው ምቾት አልነበረም፤ በብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት እርጥበት ወረቀቱን እያበላሸ ስላስቸገረው ነበር። በ1925 ግን በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ አጠገብ በነበረው ሪቮሊ ቲያትር ውስጥ ትልቅ ማቀዝቀዣ ተከለና የሙቀቱ ወቅት በሚጀምርበት የሜይ መጨረሻ በዓል ሰሞን ሥራ አስጀመረው። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ተመልካቹ እንደ ልማዱ የእጅ ማራገቢያውን ይዞ ገባ፤ ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ አዳራሹን ሲሞላው ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሲኒማ ቤቶች ከፊልሙ ርዕስ እኩል ቅዝቃዜያቸውን ማስተዋወቅ ያዙ፤ በቤቱ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሠራተኛም ሲኒማ ቤት ማለት ሁለት ሰዓት እፎይ የሚልበት ቦታ ሆነ።

ሰው በሙቀት ወራት ወደ ሲኒማ መምጣት ቢለምድም፣ ስቱዲዮዎቹ ትልልቅ ፊልሞቻቸውን ለዚህ ወቅት ማስቀመጥ የጀመሩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ አንድ ታላቅ ፊልም መጀመሪያ በትልልቅ ከተሞች ጥቂት አዳራሾች ይታይና ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እየተዛመተ ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄድ ነበር። ጁን 20 ቀን 1975 የወጣው «ጆውስ» የተሰኘው የሻርክ ፊልም ይህን ልማድ ለወጠው። በመላው አገሪቱ በቴሌቪዥን በስፋት ከተዋወቀ በኋላ በአሜሪካ በ409 አዳራሾች በአንድ ቀን ተከፈተ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው ወጣቶችም ደጋግመው እየተመላለሱ አዩት። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሜይ 1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ያው መንገድ ለጠፈር ተረትም እንደሚሠራ አሳየ። የኮሚክ መጽሔት ጀግኖች ወቅቱን ለመቆጣጠር ግን ጊዜ ወስዶባቸዋል። በእኔ ግምት ወሳኙ ቀን «ስፓይደር-ማን» የተከፈተበት ሜይ 3 ቀን 2002 ነው፤ ይህ ፊልም በአሜሪካና በካናዳ በአንድ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሜይ የመጀመሪያ ዓርብ ስቱዲዮዎች ከዓመታት በፊት ይዘው የሚያስቀምጡት፣ የሙቀቱ ወቅት የሚከፈትበት ቀን ሆኖ ቆየ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለምን ይህን ያህል ክብደት እንዳገኙ ለመረዳት የትኬቱ ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል። ተመልካቹ የሚከፍለው ገንዘብ ለፊልሙ አከፋፋይና ለሲኒማ ቤቱ በውል ይከፈላል፤ በጥቅሉ ሲታይ ከሞላ ጎደል እኩል ቢሆንም፣ በትልልቅ ፊልሞች ላይ አከፋፋዩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ያለውን ድርሻ እንዲወስድ የሚስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አከፋፋዩ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ተሽቀዳድሞ እንዲመጣ ይፈልጋል፤ ሲኒማ ቤቱ ደግሞ ከትኬቱ የሚቀርለት ትንሽ ስለሆነ ዋና ትርፉን የሚያገኘው ከፈንዲሻና ከለስላሳ መጠጥ ነው። በዚህ ስሌት ብቻውን መጥቶ ከባድ ድራማ አይቶ ከሚሄድ ሰው ይልቅ፣ ሁለት ልጆች ይዘው የመጡ ባልና ሚስት ለሁለቱም ወገን ይመረጣሉ፤ አራት ትኬት ይቆርጣሉ፣ ፈንዲሻውንም ያለ ብዙ ማመንታት ይገዛሉ። ልጁም እናቱም አያቱም አብረው ተቀምጠው ሊያዩት የሚችሉት፣ ማንንም ሳያሳፍር ሁሉንም የሚያስቅ ፊልም የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ገበያው የጠየቀው መሆኑ የፊልሙን ዋጋ ዝቅ ያደርገዋል ብዬ አላምንም፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ማሳቅ ከጥበብ ሥራዎች ሁሉ ከሚከብዱት አንዱ ነው።

የፊልሙን ጠባይ በቀጥታ የሚቀርጸው ሌላው ኃይል የዕድሜ ደረጃው ነው። የአሜሪካ የደረጃ ሥርዓት በ1968 በፊልም ኢንዱስትሪው ማኅበር የተቋቋመ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ ደረጃውን የሚሰጠው ቦርድ ከወላጆች የተውጣጣ ሲሆን፣ ሲኒማ ቤቶች የሚያስከብሩት በስምምነት ነው። በ1984 የወጡ ሁለት ፊልሞች፣ አንደኛው የኢንዲያና ጆንስ ጀብዱ ሌላው «ግሬምሊንስ» የተባለው፣ ለልጆች ተብለው ሲታዩ ያልተጠበቀ አስፈሪነታቸው የወላጆችን ቅሬታ አስነሳ። በሁለቱም ሥራዎች እጁ የነበረበት ስቲቨን ስፒልበርግ በመካከል አንድ ደረጃ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበና በዚያው ዓመት «ፒጂ-13» ተፈጠረ። ትርጉሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይስማማ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ወላጅ በጥብቅ ያስብበት ማለት ነው፤ ልጁን ግን ከበር የሚመልሰው የለም። ዛሬ አብዛኞቹ የሱፐርሂሮ ፊልሞች በዚህ ደረጃ ይወጣሉ፤ ስቱዲዮዎቹም ከስክሪፕቱ ጀምሮ ይህን ደረጃ አስበው ይሠራሉ።

ደረጃው የሚጥላቸው ገደቦች በሸራው ላይ በግልጽ ይታያሉ። በ«ፒጂ-13» ፊልም ውስጥ ግጭት ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን እውነተኛ የሚመስልና እጅግ የከፋ፣ ወይም ያለ ማቋረጥ የሚደጋገም ጭካኔ ሲሆን ፊልሙ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይገፋል። ጸያፍ ንግግርም እንዲሁ ይቆጠራል፤ በእንግሊዝኛ ከስድቦች ሁሉ የከፋ የሚባለው ቃል አንድ ጊዜ ቢነገር ሊታለፍ ይችላል፣ ሲደገም ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረጃው ይቀየራል። ስለዚህ ደራሲዎቹና የትግል ቅንብር ባለሙያዎቹ ደም የማይታይበት ፍልሚያ ማቀናበር ይጠበቅባቸዋል። ጀግናው የሚመታው ሮቦት ወይም ከጠፈር የመጣ ፍጡር የሚሆነው፣ ሰው ከሆነም ጠረጴዛ ላይ ተሽቀንጥሮ ወድቆ እያቃሰተ የሚነሳው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከደም ይልቅ በእንቅስቃሴ ብልሃት ላይ የተመሠረተ ፍልሚያ ደግሞ ወደ ቀልድ ለመሻገር አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። ድምፅ አልባ በነበረው ዘመን ከሕንፃ ሰዓት ዘንግ ላይ ተንጠልጥለውና ከባቡር ጣሪያ ላይ ሮጠው ያስቁ የነበሩ ተዋንያን የተከተሉትም ይህንኑ መንገድ ነበር።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። ለዚህ የምመርጠው ጁላይ 6 ቀን 2018 በአሜሪካ የወጣውን፣ በፔይተን ሪድ ዳይሬክተርነት የተሠራውን «አንት-ማን ኤንድ ዘ ዋስፕ» ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩ ልዩ ልብሱን ለብሶ እስከ ጉንዳን መጠን የሚያንስ፣ ሲያስፈልግም ከሕንፃ እኩል የሚገዝፍ ስኮት ላንግ የተባለ ሰው ነው፤ የሚጫወተውም ፖል ራድ ነው። የወጣበት ቀን ራሱ ብዙ ይናገራል። ፊልሙን የሠራው ማርቭል ስቱዲዮ ልክ ከአሥር ሳምንት በፊት፣ ኤፕሪል 27፣ ከዓለሙ ሕያዋን ግማሹ በአንድ ጣት ማጮህ ጠፍቶ የሚያልቅ ከባድ ፊልም አውጥቶ ተመልካቹን በድንጋጤ ሸኝቶት ነበር። ቀጣዩን ደግሞ ከዚያ የባሰ ማድረግ ይቻል ነበር፤ እነሱ ግን ያስቀመጡት ጉዳዩ እጅግ ትንሽ የሆነ ታሪክ ነው። ስኮት በጀርመን በተደረገ ግጭት ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሁለት ዓመት የቤት ውስጥ እስር ተፈርዶበታል፤ ፊልሙ ሲጀምር የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ታስሮለታል፤ ከቤቱ ወጣ ያለ ጊዜ የፌዴራል መርማሪዎች ይደርሳሉ፤ ቢያዝ ደግሞ ከትንሿ ልጁ ከካሲ ለብዙ ዓመታት ይለያል።

ይህ ትንሽነት የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ነው። ተመልካቹ የዓለም ፍጻሜን በልቡ መመዘን ይቸግረዋል፤ አባት ከልጁ እንዳይለይ መፍራቱን ግን ማንም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ቀልዱም የሚመነጨው ከዚሁ ፍርሃት ነው። ስኮት በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ልጁን ለማስደሰት ከካርቶን ሳጥን በተሠራ የጉንዳን ጎሬ ውስጥ እየተሳበ ሲጫወት እናያለን፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠበትን ጊዜም በካርታ የሚሠራ ምትሐት ሲለማመድ አሳልፎታል። የግድ መውጣት ሲኖርበት መቆጣጠሪያው ከቁርጭምጭሚቱ ተወልቆ የሰው ቁመት እንዲኖረው ለተደረገ ጉንዳን ይታሰራል፤ ጉንዳኑም የስኮትን የቀን ውሎ ተከትሎ ከበሮ ሲመታና ገንዳ ውስጥ ሲታጠብ እናየዋለን። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሆኖም መርማሪዎቹ በሩን ያንኳኩ እንደሆነ ምን እንደሚከተል ስለምናውቅ ሳቁ ከሥጋት ጋር ይመጣል። እኔ ፈታ ያለ ፊልምን ከተራው የምለየው በዚህ ነው፦ ቀልዱ ገጸ ባሕርዩ ካለበት ችግር ከመነጨ ታሪኩን ወደፊት ይገፋል፤ ጀግናው ከችግሩ ወጥቶ ለተመልካቹ የሚጥላት ነጠላ ጨዋታ ከሆነች ግን የተገነባውን ስሜት ታፈርሳለች። በዚህ ዘርፍ ባለፉት ዓመታት ከወጡት ፊልሞች መካከል ሁለተኛው ዓይነት ቀልድ የበዛባቸው መኖራቸው እውነት ነው፤ ለቅሶ ሊመጣ ሲል በቀልድ የሚቋረጥ ተመልካች ውሎ አድሮ የሚያለቅስበትንም የሚስቅበትንም ያጣል።

ሌላው የሳቅ ምንጭ መጠን ነው። ኢቫንጀሊን ሊሊ የምትጫወታት ሆፕ ቫን ዳይን በአንድ ምግብ ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ከወሮበሎች ጋር ስትፋለም፣ በተወረወረባት ቢላዋ ስለት ላይ በነፍሳት መጠን ሆና ትሮጣለች፤ ትንሽ ቆይቶም የጠረጴዛ የጨው ዕቃ በቅጽበት አድጎ ሰው ፊት ይጋረጣል። በሳን ፍራንሲስኮ አውራ ጎዳና ላይ በሚደረገው ማሳደድ ደግሞ የድመት ጭንቅላት ያላት የልጆች የከረሜላ መያዣ በሞተር ብስክሌተኛው ፊት ወጥታ ከመኪና ትበልጣለች። አንድ ሙሉ ሕንፃ ተጨምቆ ጎማና መያዣ ያለው የመንገደኛ ሻንጣ ይሆናል፤ ባለቤቱም መያዣውን ስቦ በእግረኛ መንገድ ላይ እየጎተተው ይሄዳል። እነዚህን ሁሉ አስቂኝ የሚያደርጋቸው ዕቃው የታወቀ፣ ከየቤቱ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ማንም የማያውቀው የጠፈር መሣሪያ ቢያድግ ወይም ቢያንስ ዓይን አይደነግጥም፤ የጨው ዕቃ ግን ትክክለኛ መጠኑን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል።

ዓይን ይህን እንዲያምን የሚደረግበት ጥበብ በራሱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካሜራ ወደ ጥቃቅን ነገር በጣም ሲጠጋ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ እየጠበበ ሄዶ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ይሆናል፤ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ይደበዝዛል፣ በአየር ላይ ያለው ብናኝም ገዝፎ ይታያል። ዓይናችን ይህን ድብዘዛ ከጥቃቅን ነገሮች ፎቶግራፍ ጋር አያይዞ ለምዶታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የ2015 «አንት-ማን» የሠሩት ባለሙያዎች እውነተኛ ወለሎችንና ምንጣፎችን ለጥቃቅን ነገር በተሠሩ ሌንሶች አንስተው የተዋናዩን ምስል በውስጡ በኮምፒውተር አስገቡት። ለግዙፍነት ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። ማንኛውም ነገር የቁመቱን ያህል ርቀት ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ ቁመቱ ሲጨምር ይጨምራል፤ አሥር እጥፍ የገዘፈ ሰው ሲወድቅ ከተራው ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ጊዜ ይወስድበታል። ስኮት ገዝፎ የጭነት መኪናን እንደ ልጆች መንሸራተቻ በአንድ እግሩ እየገፋ በከተማው ሲያልፍ እንቅስቃሴው የዘገየው ለዚህ ነው፤ በተራ ሰው ፍጥነት ቢንቀሳቀስ ኖሮ አሻንጉሊት ይመስል ነበር። ተመልካቹ ይህን ስሌት ባያውቀውም፣ ሲሳሳት ግን ወዲያው ይሰማዋል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ያለ ምንም ግዙፍ ኮምፒውተር ሥራ፣ በንግግርና በኤዲቲንግ ብቻ አዳራሹን የሚያስቀው ደግሞ ማይክል ፔኛ የሚጫወተው ሉዊስ ነው። ሉዊስ አንድ ነገር ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ ሳይቀር እያነሳ ይተርካል፤ በሸራው ላይ የሚታዩት የታሪኩ ባለቤቶች ሁሉ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚወጣው ድምፅ የእሱው ነው። ለዚህ እያንዳንዱ ተዋናይ የሉዊስን ንግግር ፍጥነት አጥንቶ ከንፈሩን በትክክል ማስማማት ነበረበት፤ አንዲት ቃል ብትዘገይ ሳቁ ይበርዳል። ወደ ጎን የሚሄድ ወሬ የሚያበዛ ጎረቤት ወይም ዘመድ የሌለው ማን አለ? በየትም አገር ያለ ተመልካች የሚስቀው ሉዊስን ከራሱ ሰዎች ስለሚያውቀው ነው።

ፊልሙ በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በመላው ዓለም በድምሩ ከ620 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ወቅቱ ግን በየአገሩ አንድ አይደለም። በዚያ ዓመት የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ከጁን 14 እስከ ጁላይ 15 በሩሲያ ስለተካሄደ፣ በብሪታንያ ፊልሙ ወደ ኦገስት መጀመሪያ ተገፋ፤ ሰው ጨዋታ ትቶ ሲኒማ እንደማይገባ አከፋፋዮቹ ያውቃሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ እነዚሁ ወራት ሙቀት የሌለባቸው፣ ዝናቡ የሚበረታባቸው የክረምት ወራት ናቸው፤ ሆኖም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የሆሊውድ ፊልም የሚያሳዩ አዳራሾች ልጆችን የሚያገኙት የአሜሪካ አዳራሾች በሚያገኙበት ሰሞን ነው። አንዱ ከሙቀት ሌላው ከዝናብ ሸሽቶ ቢገባም፣ የሚስቁበት ትዕይንት አንድ ነው።

በውጭ አገር ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከላይ የተባለው የደረጃ ጉዳይ በተግባር የሚፈትናቸው እነሱን ነው። ልጅ የሚያውቀው ጀግናውን በልብሱ፣ በአሻንጉሊቱና በትምህርት ቤት ቦርሳው ላይ ባለው ሥዕል ነው፤ በሥዕሉ ላይ ደግሞ ደረጃው አልተጻፈም። ጁላይ 26 ቀን 2024 የወጣው «ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ከዚያው ስቱዲዮ የመጣ፣ በዚያው ወቅት የታየ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀልድ የተሞላ ፊልም ነው። ደረጃው ግን «አር» ነው፤ ማለትም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ አይገባም፤ ደሙም ስድቡም በ«ፒጂ-13» ፊልም ከሚታየው ጋር አይወዳደርም። ደረጃው በፊልሙ ማስታወቂያ ሥዕል ግርጌ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ አጠገቡም ደረጃው የተሰጠበት ምክንያት፣ ግጭት ይሁን ንግግር ወይም ሌላ፣ በአንድ መስመር ተጽፏል። ትኬት በስልክ ሲቆረጥም ያው ምልክት ከፊልሙ ርዕስ አጠገብ ይታያል፤ ስለዚህ ልጁ የጀግናውን ስም ጠርቶ «እንሂድ» ሲል፣ ከመክፈል በፊት ያቺን አንዲት መስመር ማንበብ ይቻላል።